የጡት ወንድሜ እና ሰባተኛው ስም

ስለ እሱ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው «ቆራጥ ነበር» ይላል። የሚጠላውም የሚፈራውም ይህችኑ ቃል ነው የሚመርጠው፤ አንዳንዱማ ዓይኑን በጨው ታጥቦ በአድናቆት ይላታል። እኔን ያናድደኛል። ቆራጥነቱ የት ሜዳ ላይ፣ በየትኛው ቅዳሜ እንደተሠራ አውቃለሁ፤ ከመድረኩ አሥር እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ስለዚህ እንደ ሰው ወሬ ሳይሆን እንዳየሁት ልጻፈው።

አባቴ ከአሰላ ወደ ጭላሎ ተራራ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት ጋሻ መሬት ነበረው። አያቶቹ ከሸዋ ከጦር ጋር መጥተው የቀሩ ናቸው። እሱ ግን እዚያው ተወልዶ ስላደገ ሲጸልይ በአማርኛ፣ ሲቆጣና ሲስቅ በኦሮምኛ ነበር። ከጭሰኞቹ አንዱ በአንድ ክረምት በተስቦ ሞተና ሚስቱ ከአሥር ዓመት ልጇ ጋር ቀረች። ሴትየዋ ብልህ ነበረች። ከወገኖቿ ሦስት ሽማግሌዎች ይዛ መጣችና አባቴ ልጇን ጡት እንዲያጠባላት ለመነችው።

ይህን ልማድ የማያውቅ አንባቢ ይኖራልና ልናገር። አባት የሚሆነው ሰው የቀኝ አውራ ጣቱን ማር ይቀባና ልጁ በሽማግሌዎች ፊት ይጠባዋል። ከዚያች ሰዓት በኋላ ልጁ የቤቱ ልጅ ነው። ከቤቱ ሴት ልጅ አያገባም፤ ከቤቱ ወንድ ልጅ ጋር ደም አይቃባም። ቢቃባ የሚያስታርቅ ሽማግሌ አይገኝም፤ የሟችም የገዳይም አባት አንድ ሰው ነውና ማን ማንን ይክሳል? እኔ ያኔ አምስት ዓመቴ ነበር። ማሩን ለእሱ ብቻ ሰጡት ብዬ ሳለቅስ እናቴ በጥፊ እንዳጮለችኝ አስታውሳለሁ። ወንድሜ ገና በእናቴ ጀርባ ላይ የታዘለ ሕፃን ነበር።

ይህ የጡት ወንድማችን ነው ወንድሜን ያሳደገው ብል ማጋነን አይሆንም። አዝሎት ይዞር ነበር፤ ፊደል ያስቆጠረውም እሱ ነው። እናታችን ስትሞት ወንድሜ ዘጠኝ ዓመቱ ነበርና ለቅሶው እስኪያልቅ ከእሱ ጉያ አልወጣ አለ። «ጋሼ» ነበር የሚለው። አባቴ ሁለቱንም እኩል ገርፎ እኩል አስተማረ። የጡት ወንድሜ የመምህርነት ትምህርቱን ጨርሶ ሲሬ ተመደበ፤ በየወሩ ማለቂያ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ለአባቴ ስኳር፣ ለወንድሜ ደብተር ይዞ ይመጣ ነበር። እወደው ነበር። ይህን ካልጻፍኩ ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ከዚያ አብዮቱ መጣና መሬት ለአራሹ ተባለ። የአባቴን መሬት በገመድ የለካው የጡት ወንድሜ ነው። አባቴ አልተቀየመም። የቤቱን ዙሪያና አንድ የገብስ ማሳ ተውልን፤ አባቴም «እሱ ባይሆን ይህም አይተርፈንም ነበር» ይል ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ያ ስኳር ይዞ የሚመጣው አስተማሪ መጀመሪያ የከተማ ቀበሌ ሊቀ መንበር፣ ቀጥሎ ካድሬ፣ ከዚያም ስድስት ወር አዲስ አበባ ሠልጥኖ ሲመለስ የአውራጃው ዋና ሰው ሆነ። ካኪ ልብስ፣ በወገቡ ሽጉጥ፣ ከኋላው ሁለት ጠባቂ። ድሮ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር፤ ከሥልጠናው ሲመለስ ሰላምታውም ንግግር ይመስል ነበር።

እኔ ናዝሬት የጽሕፈት ትምህርት ተምሬ ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ነበርና መሥሪያ ቤቱ አስገባኝ። በሰው ፊት «ጓዲት» ይለኛል፤ ደረጃው ላይ ብቻችንን ከተገናኘን «እህቴ፣ አባባ እንዴት ናቸው?» ይለኛል። ሁለት ስም ያለው ሰው መሆኔን ያኔ ለመድኩት።

በገባሁ በአራተኛው ወር የራሱን የሕይወት ታሪክ በታይፕ እንድጽፍለት በእጁ የተጻፈ አራት ገጽ ሰጠኝ። ካድሬ የሆነ ሁሉ ከየት እንደተወለደ፣ በማን እጅ እንዳደገ ጽፎ ለበላይ ያስገባ ነበር። «አባቱ በባላባት ጭቆና የሞተ፣ በድሃ አጎቱ እጅ ያደገ የጭሰኛ ልጅ» ይላል። አጎት የሚባል ነገር አልነበረውም። እጄ «አጎት» የምትለዋ ቃል ላይ ቆመ። መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ሳይዞር «ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። የባላባት የጡት ልጅ መሆኑ ቢታወቅ ከወንበሩ እንደሚወርድ ገባኝ፤ ከወንበሩ የወረደ ሰው ደግሞ ያን ጊዜ ቤቱ አይሄድም ነበር።

ጦርነቱ በምሥራቅ የጀመረው በዚያ ክረምት ነው። ወራሪ ጦር ድንበር አልፎ ገባ ተባለ፤ ከባሌ በኩልም ሽፍቶች ተነሱ ተባለ፤ ከእኛ አውራጃ ሚሊሺያ ይፈለግ ጀመር። የጡት ወንድሜ የተጠየቀውን ቁጥር ያልሞላበት ሳምንት አልነበረም። አንድ የገበያ ቀን ኢተያ ላይ ገበያውን በጭነት መኪና ዙሪያውን አጥሮ ወንድ የተባለውን ሁሉ አፈሰ። እኔ ስም መዝጋቢ ሆኜ አብሬ ሄጄ ነበር። አንድ ገበሬ ስንዴ የተጫኑ አህዮቹን ትቶ አልሄድም ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። በጠብመንጃ ሰደፍ ክንዱን እስኪሰብሩት ደበደቡት፤ አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ። ከዚያ ከነተሰበረ ክንዱ አንጠልጥለው ጫኑት። የጡት ወንድሜ «መዝግቢው» አለኝ። አህዮቹ ከነጭነታቸው ገበያው መሐል ቀሩ።

ምርመራ የሚደረግበት ክፍል ከእኔ ክፍል ሥር ነበር። ሰው እግሩን ታስሮ ተዘቅዝቆ ሲገረፍ ድምፁ በጣውላው ወለል በኩል ይመጣል። እንዳልሰማ የታይፑን ፊደላት በኃይል እየመታሁ እጽፍ ነበር፤ ሪባኑ ከሌላ ጸሐፊ ሪባን ቀድሞ ይበጣጠስብኝ ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ አስፋልቱ ዳር ደረታቸው ላይ ወረቀት የተለጠፈባቸው ሬሳዎችን አልፋለሁ። እናቶች አጠገባቸው ቆመው አያለቅሱም፤ ማልቀስ ክልክል ነበር። አንዷ እናት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አይቻለሁ። ከዚያ ቢሮ ገብቼ የሚቀጥለውን እጽፋለሁ። ምን በወጣኝ የሚል ሰው አልነበርኩም፤ ፈሪ ነበርኩ።

ወንድሜ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ሆኖ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። አንድ ማክሰኞ ትምህርት ቤቱ ተፈተሸና የሒሳብ መጽሐፉ ውስጥ መንግሥትን የሚቃወም ወረቀት ተገኘ። አሰሩት። አባቴ መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ቆመ፤ ጠባቂዎቹ አላስገቡትም። በሦስተኛው ቀን የጡት ወንድሜ በላንድሮቨር ሲያልፍ አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ መንገዱ ወጣ። መኪናው ሳይቆም አለፈና ጭቃ ረጨበት። አባቴ ጋቢውን እየጠረገ «ሰው ስላለ ነው» አለኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የጡት ወንድሜ ክፍሌ ገብቶ በሩን ዘጋና በእጁ የተጻፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። በማግስቱ ቅዳሜ በኳስ ሜዳው ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ የዘጠኝ እስረኞች ፍርድ ይነበባል። የስድስቱ ስም ተጽፎ ከሥሩ መስመር ተሰምሯል፤ እነዚህ ይረሸናሉ። ከመስመሩ በታች ሦስት ስም አለ፤ እነዚህ ደግሞ ጥፋታቸውን በምሥራቅ ግንባር እንዲክሱ ወደ ሚሊሺያ ማሠልጠኛ ይላካሉ። ወንድሜ ሰባተኛው ነበር። ከመስመሩ በታች የመጀመሪያው ስም።

የጡት ወንድሜ ጎንበስ ብሎ በቀስታ ተናገረ። «ለራሱ ለልጁም ነግሬዋለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣ ጓድ አለ፤ ነገ መድረኩ ላይ አብሮኝ ይቀመጣል። አንዲት ቃል ካፈተለከች ልጁም አይተርፍ፣ እኔም አልተርፍ። አባባም እንዳይሰሙ።» ያን ጊዜ ያ የአሥር ዓመት ልጅ እንዳልሞተ አመንኩ፤ ጉልበቱን ልስመው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቤት ገባሁ። አባቴ እራት አልበላም ብሎ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ልንገረው አልንገረው እያልኩ፣ ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይታይ ጎንበስ ብዬ ሽንኩርት እልጥ ነበር። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ አልኩት፤ «አባባ፣ ነገ ስብሰባው ቦታ አይምጡ። እባክዎ ቤት ይዋሉ።» ያልኩት ስድስት ሰው ሲረሸን እንዳያይ ብዬ ነበር። እሱ ግን ሌላ ነገር ሰማ። ልጁ ሊገደል ነው ብሎ ተረዳው። ቀና ብሎ አየኝና «እሺ» አለኝ። አባቴ በሕይወቱ ዋሽቶኝ የሚያውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ደመናው ከጭላሎ ወርዶ ሜዳው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሕዝቡ በቀበሌ በቀበሌ ተሰልፏል። መድረኩ ላይ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ከኋላው የጡት ወንድሜና ከአዲስ አበባ የመጣው ጓድ። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝና ደብተሬን ይዤ ከጎን ቆሜያለሁ። ዘጠኙን እጃቸውን የፊጥኝ አስረው አመጧቸው። ወንድሜ ከንፈሩ አብጦ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፤ ግን አየኝና በደህናው ዓይኑ ጠቀሰኝ። የሚተርፍ ሰው ነበር፤ ያውቃል።

የጡት ወንድሜ የስድስቱን ስምና ጥፋት አነበበ። ከሜዳው ጫፍ ባሕር ዛፎቹ ሥር ወስደው አንድ በአንድ ረሸኗቸው። ሦስተኛውን ሰውዬ የመጀመሪያው ጥይት ስላልገደለው መሬቱን በክርኑ እየቧጠጠ ሁለት ክንድ ያህል ሄደ፤ አንዱ ወታደር ተከትሎት ሄዶ ጨረሰው። ከየተኩሱ በኋላ ግራ እጃችንን ወደ ላይ አንስተን መፈክር እንድንል ተነገረን። አልን። ባሩዱ ከጉሙ ጋር ተደባልቆ ወደ እኛ መጣ። ስድስተኛው ወደቀ። በልቤ አለቀ፣ አሁን አለቀ እያልኩ ነበር። የጡት ወንድሜ ወረቀቱን አስተካክሎ ለቀጣዩ ንባብ ጉሮሮውን ጠረገ።

አባቴ ከሰልፉ ወጥቶ መድረኩ ፊት ቆሞ ያየሁት ያኔ ነው። የክት ጋቢውን ለብሶ ነበር። ወታደሮቹ ሊይዙት ሲሉ የጡት ወንድሜ በዓይኑ ከለከላቸው፤ ይህ የመጨረሻው ደግነቱ ነበር፤ ያጠፋንም ይኸው ደግነት ነው። አባቴ ቀኝ እጁን ዘርግቶ አውራ ጣቱን ለሕዝቡ አሳየ።

«ይህን ጣት የጠባው ይህ ሰው ነው» አለ። «ሽማግሌዎቹ ሦስቱም ሞተዋል፤ ሕዝቡ ግን ያውቃል። እኔ ነኝ ያሳደግሁት። የታሰረው ልጅ ወንድሙ ነው። ወንድሙን አይገድልም።» ከዚያ ወደ መድረኩ ዞረና በኦሮምኛ «ኢልማ ኮ» አለው፤ ልጄ ማለት ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት ሺ ጊዜ ብሎታል።

ሕዝቡ አጉረመረመ። የሚያውቁ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዳንዶቹ ሊመሰክሩለት ፈልገው ነበር። አባቴ ያደረገው በአገራችን ልማድ ትክክለኛው ነገር ነበር። ጡት የተጠባው በሰው ፊት ነው፤ የሚጠራውም በሰው ፊት ነው። ደብቆ የሚጠራው የለም። እኔ ደብተሬን ይዤ እዚያው ቆምኩ።

ከአዲስ አበባ የመጣው ጓድ አልተቆጣም። ወደ ጡት ወንድሜ ዞር ብሎ በማይክሮፎኑ አጠገብ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ ይህ ነገር በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ተጽፎ እንደሆነ ጠየቀው። የጡት ወንድሜ እኔን አየኝ። ያችን «አጎት» የምትል ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝና ምናልባት ሌላ ማየት የሚችለው ሰው አልነበረም። ከዚያ ተነሳ።

«አንተ ሽማግሌ» አለው አባቴን። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ሲለው የኖረ ሰው ነው። «እኔ የባላባት ጣት ጠብቼ አላውቅም። አብዮቱ ነው ያሳደገኝ።» እጁ ላይ ያለው ወረቀት እኔ የጻፍኩት ነው፤ መስመሩ ከስድስት ሥር ነው። የወንድሜን ስም አነበበና ወደ ሚሊሺያ በሚለው ፈንታ «አብዮታዊ እርምጃ» አለ። ከመድረኩ ወርዶ ሽጉጡን ከወገቡ መዘዘ።

ወንድሜ አልገባውም። ቀልድ ወይም ማስመሰል መስሎት ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ትናንት የነገረው ሌላ ነበርና። የጡት ወንድሜ ፊቱ ሲቆም ቀና ብሎ አየውና «ጋሼ፣ ምነው?» አለው። ከመጠየቁ ሌላ በድምፁ ውስጥ ምንም አልነበረም። ግንባሩን መታው። የራስ ቅሉ የኋላ ክፍል ሲሄድ አየሁ። አጠገቡ የቆመው ስምንተኛው እስረኛ ፊቱ በሙሉ ደም ሆነና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

አባቴ ልጁ ላይ ሊወድቅ ሲሮጥ አንዱ ወታደር በሰደፍ አፉን መታውና የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። በዳዴ ሄዶ ነው የደረሰበት። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ሊሰበስብ ሲሞክር አየሁት፤ የቀረውን አልጽፍም። ከመድረኩ መፈክር ተባለ። ግራ እጄን አነሳሁ። ሌላ የሚለኝ ካለ ይበል፤ አነሳሁ፣ ጮክ ብዬም አልኩት።

ሁለቱ ቀሪዎች ወደ ማሠልጠኛ ሄዱ። አንደኛው ከምሥራቅ በሕይወት ተመልሶ ዛሬ በቆጂ ወፍጮ ቤት አለው፤ ካየኝ መንገድ ይቀይራል። ሰባቱን ባሕር ዛፎቹ ሥር በአንድ ጉድጓድ ቀበሯቸው። ለአባቴ የልጁን ሬሳ አልሰጡትም፤ እንዳያለቅስም አስፈረሙት።

ሰኞ የጡት ወንድሜ የዓርቡን ወረቀት ይዞ መጣ። ከስድስት ሥር የነበረውን መስመር ሰርዞ ከሰባት ሥር አስምሯል። «አስተካክለሽ ጻፊው፤ የቀድሞውን አቃጥዪው» አለኝ። ፊቴን አላየም። አንድም ፊደል ሳልስት ጻፍኩት። አሁንም ድረስ ራሴን የምጠላበት ነገር ካለ ያ አለመሳሳቴ ነው። ሥራውን ለምን አልተውኩም የሚሉኝ ያን ዘመን ያልኖሩ ናቸው፤ ሥራ ለመተው ምክንያት ይጠየቅ ነበር፤ እኔ ምን ብዬ ልጻፍ?

ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሚያወራለት ሹመቱ የመጣው። እንግዳው ጓድ አዲስ አበባ ተመልሶ ስለ ቆራጥነቱ ጻፈለት። በሁለተኛው ወር ክፍለ ሀገሩን ከሚመሩት አንዱ ሆነ። ሚሊሺያውን ይዞ ምሥራቅ ዘመተና ሜዳሊያ ደረቱ ላይ፣ ስንክልና እግሩ ላይ ይዞ ተመለሰ። ኋላ ገበሬው በየመንደሩ ይሰብሰብ ሲባል አልነሳም ያለውን ሰው ጎጆ እሱ ቆሞ አስቃጥሏል፤ አንዷ አሮጊት ከነአልጋዋ ውስጥ እንደቀረች ሰምቻለሁ። የሚገርመው ደግሞ ያን ሲደብቀው የኖረውን ጡት ከዚያ ወዲያ አልደበቀውም። በየስብሰባው «እኔ ለአብዮቱ የገዛ ወንድሜን የሰጠሁ ሰው ነኝ፤ እናንተ ምን ሰጣችሁ?» ይል ነበር። የፈራውን ነገር እንደ ሁለተኛ ሜዳሊያ አጠለቀው። ንግግሩን የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

አባቴስ? አባቴ በአንድ ነገር ኖረ። ከጊዜ በኋላ ስለዚያ ቅዳሜ ሲያነሳ ሁልጊዜ የሚላት ነገር ነበረችው፤ «ቢያንስ ዝም አላልኩም። ልጄ አባቱ ሲናገርለት ሰምቶ ነው የሞተው።» ይህን ብሎ ጥርስ በሌለው አፉ ትንሽ ፈገግ ይል ነበር። እኔ ታዲያ ምን ልበለው? ወንድሜ ሰባተኛ እንደነበር፣ ሊተርፍ እንደነበር፣ አባቴ ዝም ቢል ኖሮ የሚነበብ አንድ መስመር ብቻ ቀርቶት እንደነበር? አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼ ኖርኩ። በዓለም ላይ ይህን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ነበር።

መንግሥቱ ሲወድቅ ያ ሰው ተያዘ። ሹሞቹ ሲሸሹ እግሩ አላስሮጠው ብሎ እዚያው አሰላ ቤቱ ውስጥ ነው ያገኙት። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ የውሃ ሽታ ሆነች። ጎረቤት ምራቁን ተፋበት። ደስ አለኝ፤ የሚገባውን አገኘ ብዬ ለብቻዬ ስቄያለሁ። በሦስተኛው እሑድ አባቴ ጎረቤት ጋ ጭኮ፣ የገብስ በሶ በቅቤ፣ አስለውሶ በቅል ይዞ፣ በምርኩዙ ወደ እስር ቤቱ ሲሄድ አየሁት። መንገድ ላይ ደርሼበት ጮኽኩበት። ገዳዩን ልትመግብ ነው ወይ ብዬ፣ ክብሩን ረስቼ፣ «አንተ» ብዬ ጮኽኩበት። አልተቆጣም። «ሁለት ወንድ ልጅ ነበረኝ» አለኝ። «አንዱን ገደሉብኝ። ይሄኛው ይራበኝ?» ማን እንደገደለው እንደረሳ ሰው ነበር የሚናገረው። ከዚያ ወዲያ ተውኩት። በየእሑዱ ሄደ።

አንድ እሑድ ተመልሶ ሲመጣ ጋቢውን ሳያወልቅ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ «ሊተርፍ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ማን ነገረዎት?»

«እሱ ነዋ። ሰባተኛ ነበር አለኝ። ላድነው ነበር አለኝ።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

አውቅ እንደነበር ነገርኩት። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ አይምጡ ያልኩት ለዚያ እንደነበር ሁሉንም ነገርኩት። ለምን እንዳልነገርኩት ጠየቀኝ። ያኔ አሥራ አራት ዓመት ያጠራቀምኩት ንዴት ወጣ፤ «ብነግርዎት ዝም ይሉ ነበር?» አልኩት።

አባቴ የሚዋሽ ሰው አልነበረም፤ እንደተጠየቀ ሰው አሰበበት። «አልልም» አለኝ በመጨረሻ። «ሜዳው ላይ ወጥቼ አመሰግነው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት ነው የሚመሰገነው።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ያችን «ቢያንስ ዝም አላልኩም» የምትለውን ነገር ከዚያ ቀን በኋላ ከአፉ አልሰማኋትም።

በሚቀጥለው እሑድ ሊነሳ ሞከረና እግሩ አልሸከም አለው። ጭኮውን ያዢለት፣ አንቺ አድርሺለት አለኝ። ይዤ ሄድኩ። ንዴቴ ነበር የወሰደኝ።

የጡት ወንድሜ እያነከሰ ወደ ሽቦው መጣ። ሸብቷል። ቅሉን አይቶ እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠሁትም። ለምን ለአባቴ እንደነገረው ጠየቅሁት። በዚያ ዕድሜ ላይ ላለ ሰው ያ ምን ይጠቅመው ነበር?

«እንዲያውቁ ፈልጌ ነው» አለኝ። «ላድነው እንደነበር እንዲያውቁ። ክፉ ብቻ መስዬ እንዳልሞት።»

«አወቁ» አልኩት። «አንተ ቀለለህ። እሳቸው ደግሞ ልጃቸውን ራሳቸው የገደሉ ሆነው ተኝተዋል።»

ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ ማልቀስ ጀመረ። ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አንጀቴን አልበላኝም፤ እንዲያውም ያምርበታል ብዬ ቆሜ አየሁት። በሩ አጠገብ ባዶ እጇን ለእስረኛ ልጇ የመጣች አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ተቀምጣ ነበር። ጭኮውን ከነቅሉ እሷ ጭን ላይ አስቀመጥኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አባቴ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ይጠብቀኝ ነበር። ምን አለ፣ ምን ተባባላችሁ አላለኝም።

«በላ?» አለኝ።

«በላ፣ አባባ» አልኩት።